ሞጆ በየትኛው አውቶቡስ?

ዓይነ ስውር መሪ ያስፈልገዋል ይባላል። አያስፈልገውም። እጅ የሚጎትት ሰው በየመንገዱ ሞልቷል፤ ሳይጠየቅ ይመጣል፤ መሻገር ያልፈለገውንም ያሻግራል። የሚታጣው የሰሙት ቃል በምን ሥር እንደሆነ የሚናገር ሰው ነው።

ይህን የተረዳሁት በደርግ ጊዜ፣ ናዝሬት መናኸሪያ ውስጥ ነው። እኔ በምሠራበት መሥሪያ ቤት የስልክ ኦፕሬተር የነበረው ጎረቤቴ ዓይነ ስውር ነበር። ቁጡና ራዲዮ የማይጠግብ ሰው ነው፤ በክርክር ሲረታ አይቼው አላውቅም። አስተማሪ ሚስቱን መንግሥት ዝዋይ መድቧት እሷ እዚያ፣ እሱ እዚህ ይኖሩ ነበር። የዝዋዩ ቅርንጫፋችን ኦፕሬተር ሲፈልግ አመለከተ። የቅርንጫፉ ኃላፊ ለአንድ ሥራ ሁለት ሰው አልቀበልም፤ በተቆረጠው ቀን ጠዋት ማንም ሳይመራው ብቻውን ከመጣ ቦታው የእሱ ነው፣ ካልሆነ ሌላ አመልካች አለ ብሎ መለሰ።

ጎረቤቴ ቀኑ ከመድረሱ በፊት፣ አንድ ቅዳሜ፣ ለልምምድ ወጣ። ልሸኝህ ብለው ተቆጣኝ። ወደ ማታ ተመለሰ፤ ለካ ዝዋይ ሳይሆን በአዲስ አበባው መንገድ ደብረ ዘይት ደርሶ ነው የመጣው።

ነገሩ ገረመኝ። ወደ ዝዋይ የሚሄደውም ወደ አዲስ አበባ የሚሄደውም አውቶቡስ መጀመሪያ ሞጆ ይገባል፤ መንገዱ የሚለያየው እዚያ ነው። እሱ ግን ጠይቆ ነው የተሳፈረው። ዝዋይ ብሎ የሚጠራ ሲያጣ፣ ሞጆ ነው ወይ አለ፤ ረዳቱ አዎ ግባ አለው። ዓለም ጤና ሲባልም በጆሮው ሰምቷል፤ ዓለም ጤና ደግሞ የዝዋይ መንገድ ላይ ናት። የዋሸው ሰው የለም።

በማግስቱ አብረን መናኸሪያው ሄድን። ግድግዳ ተደግፌ ዓይኔን ጨፈንኩ። ሞጆ፣ ሞጆ፣ ደብረ ዘይት፣ ዓለም ጤና፣ መቂ፣ ሞጆ። ሁለት ረዳቶች ሁለት አውቶቡሶች መካከል ቆመው እየተቀባበሉ ይጮኻሉ። የመጨረሻውን ከተማ የሚጠራ አልነበረም፤ እሱ መስታወቱ ላይ በተሰቀለው ታፔላ ተጽፏል። የሚጠሩት ሰው የጎደለበትን የመንገድ ላይ ከተማ ብቻ ነው። ዓይኔን ስገልጥ ሁሉም ነገር ግልጽ ሆነ፤ ማን በየትኛው በር እንደቆመ ይታያል። ስጨፍን ከተሞቹ ሁሉ እናት አባት እንደሌላቸው ልጆች ሜዳ ላይ ተበተኑ።

ተራ አስከባሪውን አነጋገርነው። ታፔላው ተሰቅሎ የለም እንዴ ብሎ ጀመረ፤ ከዚያ ጎረቤቴን ቀና ብሎ አየና ድምፁን ዝቅ አደረገ።

«ታዲያ ምን እንበልልዎ ጋሼ?»

«መጀመሪያ የዝዋዩ ነው በሉ። ከዚያ የፈለጋችሁትን ከተማ ጥሩ። ስትጨርሱ ዝም በሉና ሌላው ይጀምር።»

«ዝም ካልንማ ሚስቴ ብቻ ናት የምትሳፈርልኝ» አለ አንዱ ረዳት፤ ወረፋ የያዘው ሁሉ ሳቀ።

ያው ረዳት ግን ሞከረው፤ ሞክሮም አበላሸው። የዝዋይ አውቶቡስ፣ የዝዋይ በር፣ የዝዋይ ደረጃ እያለ መጥራት ጀመረ። ብርቱካን ልትሸጥ አውቶቡሱ ውስጥ የገባችውን ሴትዮ እንኳ የዝዋይ ብርቱካን ብሎ ሲጠራባት፣ እሷ የመርቲ ነው ብላ ተቆጣች። ጎረቤቴ ግንባሩን ያዘ።

«አንዴ ይበቃል፣ ወንድሜ። እኔ ዓይን እንጂ ጭንቅላት አልጎደለኝም።»

ቀኑ ሲደርስ በጠዋት ብቻውን ወጣ። እኔ ቢሮ ገብቼ ስልኩን እያየሁ ሥራ የምሠራ መሰልኩ። ከምሳ በፊት ጮኸ።

«ዝዋይ ነው፤ ከማን ጋር ላገናኝዎ?» አለ የማውቀው ድምፅ።

መንገዱ እንዴት ነበር ብዬ ጠየቅሁት።

«ሞጆን ከሁለት ቦታ ሰማኋት። አንደኛዋ የአዲስ አበባዋ ነበረች፣ ተውኳት።»

ዛሬ የኮምፒውተር ገጽን ለዓይነ ስውር ጮክ ብሎ የሚያነብ ፕሮግራም አለ። ገጽ ለሚሠሩ ሰዎችም መመሪያ ተጽፏል፤ ብዙዎቹ የቢሮክራሲ ጣጣ ነው እያሉ ያማርሩበታል። በጉጉት አነበብኩትና መናኸሪያውን አገኘሁበት። የዝርዝር አባል የሆነ ነገር በዝርዝሩ ውስጥ ይቀመጥ፣ የምናሌ ምርጫ በምናሌው ሥር ይሁን፣ ዝርዝር የተባለውም የራሱን አባላት ይያዝ ይላል። በመካከል ለመልክ ብቻ የገባ፣ ትርጉም የሌለው ሳጥን ቢኖር ዝምድናው አይፈርስም፤ ብርቱካን ሻጯ አውቶቡሱ ውስጥ ስለገባች ተሳፋሪዎቹ የዝዋይ መሆናቸው እንዳልቀረው ማለት ነው። ሁሉንም ነገር የእገሌ ነው እያሉ መለጠፍም ትጋት አይደለም፤ ያ ረዳት አሳይቶናል። ለዓይን ጎን ለጎን ማስቀመጥ ይበቃ ይሆናል፤ አንባቢው ፕሮግራም ግን የሚያውቀው የተነገረውን ብቻ ነው። ያልተነገረውን ገምቶ የተሳፈረ ሰው ደብረ ዘይት ይወርዳል፤ እዚያ ሲደርስ ደግሞ የዝዋዩን ሥራ ሌላ ሰው ወስዶታል።

አንተ ገጽ የምትሠራ፣ ስክሪንህን አጥፋና የሠራኸውን በጆሮህ ስማው። የቱ በየቱ ሥር እንደሆነ ካልለየህ፣ ለሰው ከመስጠትህ በፊት አስተካክለው።