ጉባኤው በእህቴ ምግብ ቤት

ሥራዬ ከአገር ውጭ በምንኖርበት ከተማ፣ ፓርክላንድስ ሰፈር ባለ አንድ ኮሌጅ ላይብረሪ ውስጥ መጻሕፍት ካታሎግ ማድረግ ነው። ባለፈው ዓመት ላይብረሪዎች መረጃቸውን እርስ በርስ ስለሚያስተሳስሩበት ዘዴ፣ ባለሙያዎቹ ሊንክድ ዳታ ስለሚሉት ነገር፣ በኢንተርኔት ጉባኤ እንደሚካሄድ ሰማሁና ለመከታተል ተመዘገብኩ። ችግሩ የጀመረው ለታላቅ እህቴ ስነግራት ነው።

የነገርኳት ቸግሮኝ ነው። እኔ ቤት ስቲማው፣ መብራቱ ማለቴ ነው፣ ሲያሻው ጥሎን ይጠፋል፤ እሷ ሁርሊንግሃም ያለው ምግብ ቤቷ ውስጥ ጀነሬተር አላት።

«በጓዳ በኩል ያለችውን ትንሿን ክፍል ለአንድ ከሰዓት ስጪኝ» አልኳት።

«የምን ጉባኤ ነው? የዓለም ነው?»

«ከየአገሩ ሰው ይኖራል።»

«ኢትዮጵያን ወክለሽ ነዋ!»

«ማንንም አልወክልም። ቁጭ ብዬ ላዳምጥ ነው።»

«እሺ» አለች። እህቴ «እሺ» ካለች አልሰማችም ማለት ነው።

ሳምንቱን ሙሉ ስለ ጉባኤው የተላከልንን ጽሑፍ ሳነብ ከረምኩ። ግማሹ አልገባኝም። በመሀል ኢምባካሲ፣ ኤርፖርቱ ካርጎ ክፍል የሚሠራው ያክስቴ ልጅ ደወለ። «ንግግርሽ ስንት ሰዓት ነው? ከሥራ ላስፈቅድ ነበር» አለኝ። ያኔ ነው የደነገጥኩት።

በቀኑ ስደርስ ትንሿ ክፍል ሽንኩርት ተከምሮባታል። አዳራሹ ውስጥ ጠረጴዛዎቹ ወደ ዳር ተገፍተው፣ ኳስ የሚታይበት ትልቁ ቴሌቪዥን ፊት ወንበር ተደርድሯል። ሰው ሞልቷል። ከፊት የምግብ ቤቱ የጥንት ደንበኛ፣ በተማሪነታቸው አዲስ አበባ የኖሩ ኤርትራዊ ሽማግሌ፣ ሙሉ ልብስ ከነከረባቱ ለብሰው ተቀምጠዋል። እህቴ ጥልፍ ያለው የሐበሻ ቀሚስ ይዛ መጣች።

«በዚህ ሹራብ ልትታዪ ነው?»

«አልታይም እኮ!»

በዚያ ሁሉ ሰው ፊት ከመከራከር መልበስ ቀለለኝ። ላፕቶፔን ከቴሌቪዥኑ ጋር እያያያዝኩ ሳለ ሽማግሌው ጠሩኝ።

«ልጄ፣ ይሄ ነገር ምንድነው?»

«አባባ፣ የአንድ ደራሲ ስም እዚህ አንድ ዓይነት፣ እዚያ ሌላ ዓይነት ተጽፎ ይገኛል። ኮምፒውተሩ ሁለት ሰው ይመስለዋል። አንድ መሆኑን እንዲያውቅ እናያይዘዋለን።»

ፊታቸው በራ። «የኔ ጉዳይ ነዋ! መኖሪያ ፈቃዴ ላይ ያለው ሰውዬና ባንክ ያለው ሰውዬ አይተዋወቁም። አንዱ በአባቴ ስም ነው የሚጠራው። በይ ጠይቂልኝ።»

ጉባኤው ተጀመረ። ስክሪኑን ክብና ቀስት ሞላው። ሰው ክትፎ እያዘዘ በጥሞና ተመለከተ። ተናጋሪ በተቀየረ ቁጥር እህቴ ጆሮዬ ሥር ትመጣለች።

«አሁን ነሽ?»

«አይደለሁም።»

«ታዲያ መቼ?»

መጨረሻ ላይ መቋቋም አቃተኝና ለጥያቄ በተተወው ቦታ ጻፍኩ፦ በኛ አገር የአባት ስም የቤተሰብ ስም አይደለም፤ ካታሎጋችሁ ግን እንደዚያ ይወስደዋል፣ የማይዛመዱትንም ሰዎች አንድ ቤተሰብ ያስመስላል፤ ምን ይደረግ?

መድረኩን የምትመራው ሴትዮ አነበበችው። ከዚያም «ስለ ጥያቄው እናመሰግናለን፣ ሚስ...» ብላ የአባቴን ስም ጠራች። የኔን ጭራሽ አላነሳችውም።

አዳራሹ በጭብጨባ ተናጋ። አንዷ እልል አለች። እህቴ ዓይኗን በሽርጧ እየጠረገች «አባዬን! አባዬን በዓለም ፊት ጠሩት!» አለች። የጠየቅኩት ይኸው እንዳይደረግ ነበር። እውነት ለመናገር ግን እኔም ለአባዬ አጨበጨብኩ።

ሽማግሌው እጅጌዬን ሳብ አደረጉ። «ምን አለች?»

«ጥሩ ጥያቄ ነው፣ ግን አስቸጋሪ ነው አለች።»

«እሱንማ ባንኩም ነግሮኛል» አሉና ወደ ክትፏቸው ተመለሱ።

እረፍት ተብሎ ስንመለስ እህቴ ቴሌቪዥኑን ለኳስ ፈለገችው። የቀረውን ጉባኤ ኩሽናው በር ላይ ቆሜ፣ ላፕቶፑን በአንድ እጄ፣ የቀሚሴን ጫፍ በሌላው ይዤ ተከታተልኩ። ሰው ሁሉ ተመችቶት ስለ ጨዋታው ስለሚጨቃጨቅ ስለ እኔ የሚጠይቅ አልነበረም። መጀመሪያም የፈለግኩት ማዳመጥ ብቻ ነበርና፣ እዚያ ቆሜ የሰማሁት በጣም ጠቀመኝ።