የፋኢዛ መጽሐፍ ቀለበቶች

ፋኢዛን ያሳደግኋት እኔ ነኝ ብል ውሸታም አትበሉኝ፤ እናቷ ሱቅ ስትውል አቅፌ የምውላት እኔ ነበርኩ። ዛሬ የምታዘኝ እሷ ናት። «እትዬ ደስታነሽ፣ የልጆቹን እጅ ያስታጥቡልኝ። እትዬ፣ ምንጣፉን ያራግፉልኝ።» ደብረ ማርቆስ፣ ገበያው አጠገብ፣ የአባቷ የሐጂ ሙነወር የጨርቅ መጋዘን በነበረው ክፍል የሰፈሩን ሕፃናት ይዘን እንውላለን። መዋዕለ ሕፃናቱ በተኩሱ ምክንያት ከተዘጋ ወዲህ እናቶች ልጆቻቸውን የት ይጣሏቸው?

ፋኢዛ ልብስ ሰፊ ናት። ከቁርጥራጭ ጨርቅ አንድ ትልቅ መጽሐፍ ሰፋች። በየገጹ ብዙ ክዳን አለ፤ በየክዳኑ ላይ የመጋረጃ ቀለበት ተሰፍቷል። ልጁ ጣቱን ቀለበቱ ውስጥ ከቶ ሲጎትት ክዳኑ ይነሳና ከስሩ ቅርጹ ብቅ ይላል፤ ለክብ ብርቱካን፣ ለሦስት ማዕዘን ሳምቡሳ፣ ለአራት ማዕዘን መስኮት። ሳምቡሳዋማ ከእውነተኛዋ አትለይም፤ ዘመነ የሚባለው ጥጋበኛችን አንድ ቀን ነክሷታል።

ፋኢዛ ግን ሕግ አላት። ጣት ይገባል፣ ይጠበቃል፤ እሷ «ጎትት!» እስክትል ማንም ንክች አያደርግም። አለበለዚያ ተሻምተው ይቦጫጭቁታላ። ያ ሁሉ ፍሬ ሕፃን ጣቱን ከቶ፣ ዓይኑን አፍጥጦ ሲጠብቅ አንጀት ይበላል። «ኧረ በፈጠረሽ፣ ይጎትቱ ተያቸው!» እላታለሁ። «መጠበቅም ትምህርት ነው እትዬ» ትለኛለች። ችክ ያለች ናት፤ አባቷን ነው የወጣችው።

ያን ሳምንት ከተማው ደስ አላለኝም። ባጃጆቹ በጊዜ ይገባሉ፤ ሱቆቹ በሰበብ አስባቡ ይዘጋሉ። ማክሰኞ ከወንዙ ማዶ ተኩስ ሲንጣጣ ዋለ። ልጆቹ ድምፁን ለምደውት ቀና ብለው እንኳ አያዩም፤ ይበልጥ ያስፈራኝ ይኸው ነው። ፋኢዛ ግን ነገሩን ልታስረሳ ብላ «ነገ ሁላችሁም ከቤት ክብ ነገር ይዛችሁ ኑ» አለቻቸው።

በማግሥቱ ያገኙትን ሁሉ አመጡ፤ የልብስ ቁልፍ፣ የሃይላንድ ክዳን፣ ድንች። መክሊት ዘግይታ መጣች። ሦስት ዓመቷ ነው፤ ቤታቸው ከጓሯችን በስተጀርባ ነው። እናቷ በር ላይ ትታት ወደ ገበያ ገሰገሰች። ልጅቱ ሹራቧ ውስጥ የሸጎጠችውን በሁለት እጇ አውጥታ መሐላችን ቆመች።

ቦንብ ነው። እግዚኦ! ጭቃ የለበሰ፣ ድቡልቡል ያለ ቦንብ። ትንሿ ጣቷ ቀለበቱ ውስጥ ገብታለች።

«ቲቸር፣ ቀለበት አለው። ልጎትት?»

ልጮህ አፌን ስከፍት ፋኢዛ ክንዴን ጨምድዳ ያዘችኝ። ለካ ብጮህ ትደነግጣለች፤ ብትደነግጥ ትጎትታለች። ዘመነ ደግሞ ሁሌም ቲቸርን ቀድሞ መጮህ ይወዳል፤ ይኸው «ጎ…» ብሎ ጀመረ። እንዴት እንደደረስኩበት አላውቅም፣ አፉን በመዳፌ አፈንኩት።

ፋኢዛ መዝፈን ጀመረች። «መጽሐፋችን ተኛ፣ ጣቶቻችንም ተኙ…» የማብቂያ ዘፈናችን ናት፤ ይህች ስትዘፈን ሁሉም ጣቱን ከቀለበት አውጥቶ፣ እጁን ከጉንጩ ስር አድርጎ ይጋደማል። ልጆቹ አንድ በአንድ ተጋደሙ። መክሊት ግን ከንፈሯን ጣለች።

«እኔ ገና አልጎተትኩም!» እንባዋ መጣ። እውነቷን ነው፣ ተራዋ አልደረሰም።

ፋኢዛ ተንበረከከችላት። «ነገ ካንቺ እንጀምራለን። ወላሂ፣ የመጀመሪያዋ አንቺ ነሽ።»

መክሊት ጥቂት አሰበችና ጣቷን አወጣች። ፋኢዛ ያንን ነገር ተቀብላ ጥግ ካለው የጨርቅ ክምር ላይ ቀስ አድርጋ አስቀመጠችው። ልጆቹን በጓሮ በር አወጣናቸው። ስለ ቦንብ የሚያውቁ ሰዎች ተጠርተው መጥተው ወሰዱት። ከየት አመጣሽው ቢሏት መክሊት ፈርታ ቀሚሴ ውስጥ ተደበቀች እንጂ ትንፍሽ አላለችም። መንገድ ላይ ያገኘችው መስሏቸው መንገዱን አዩ፣ አጥሩን አዩ፣ ምንም የለም ብለው ሄዱ።

የዚያኑ ዕለት ፋኢዛ መቀስ አነሳች። ቀለበቶቹን ሁሉ ቆርጣ ጣለችና በምትካቸው ጥብጣብ መስፋት ጀመረች። መርፌው ደጋግሞ ወጋት።

«ቀለበት እንድትጎትት ያስተማርኳት እኔ ነኝ፣ እትዬ።»

«እንድትጠብቅ ያስተማርሻትም አንቺው ነሽ» አልኳት። አልተጽናናችም። እኔም ብሆን አልጽናናም።

በማግሥቱ መክሊት ከሁሉም ቀድማ መጣች፤ ቃል ተገብቶላታላ። መጽሐፉን ገልጣ ቀለበቱን ፈለገች፣ አጣች። ታለቅሳለች ብዬ ላባብላት ስነሳ ትከሻዋን ነቅነቅ አድርጋ «ግድ የለም ቲቸር፣ እኛ ቤት ሌላ አለ» አለች።

ፋኢዛ ክው አለች። «የት ነው ያለው፣ የኔ እናት?»

«አስማማው ይዞታል። ቀለበቱን አሳይቼዋለሁ።»

አስማማው ታናሽ ወንድሟ ነው። በቅርቡ ነው መራመድ የጀመረው፤ እኛ ዘንድ አንድም ቀን መጥቶ አያውቅም። ጣቱን ከቶ እንዲጠብቅ የነገረው የለም። ፋኢዛ ጫማ እንኳ ሳታደርግ በጓሮ በር ሮጠች። እኔ ልጆቹን ጥዬ መሄድ አልቻልኩምና መክሊትን እቅፌ ውስጥ አስገብቼ ወደ ቤታቸው ጆሮዬን ጣልኩ።