መልሱ እሁድ ዘጠኝ ሰዓት ነው

ካሳይ ቂርቆስ ተወልዶ ቂርቆስ የጎለመሰ ሰው ነው፤ እንጀራው ግን ካዛንቺስ ነው። ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ እዚያ ባለ አንድ መሥሪያ ቤት፣ መዝገብ ቤት ውስጥ ሠርቷል። ሲፈርድበት የመሥሪያ ቤቱ ሰው በሙሉ የካዛንቺስ ቡድን ደጋፊ ነው። ቂርቆስ በተሸነፈች ማግስት ሌላው ቢሆን አሞኛል ብሎ ይቀራል። እሱ ግን ከሁሉ ቀድሞ ገብቶ፣ በሩን ወለል አድርጎ ከፍቶ ይጠብቃቸዋል።

"ኑ እስቲ" ይላል። "ዳኛው ዘመዳችሁ መሆኑን ለምን ደበቃችሁን?"

ዋናው ባላንጣው የመሥሪያ ቤቱ ሾፌር ታዲዎስ ነው። ታዲዎስ ደግ ሰው ነው፤ አፉ ግን አያድርስ። ልጁ ፋኑኤል የካዛንቺስ አጥቂ ነው። የካሳይ አንድያ ልጅ አርያም ደግሞ፣ አገር ምድሩ ሙሉ ወንድ እያለ፣ ይህንኑ ፋኑኤልን ወደደች። ካሳይ ሦስት ቀን አኮረፈ። በአራተኛው ቀን ሽማግሌዎቹን ተቀበለ፤ ልጁ ጨዋ ነበርና ምን ይበል?

ሰርጉ ለጥር 1992 ተቆረጠ። በዚያው ጥር መግቢያ ላይ ሁለቱ ሰፈሮች ለዋንጫ ለማለፍ ተገናኙ። በመጀመሪያው ጨዋታ ካዛንቺስ በሜዳዋ ሁለት ለዜሮ አሸነፈች። ሁለቱንም ያገባው ፋኑኤል ነው። የመልሱ ጨዋታ ቂርቆስ ሜዳ፣ በሰርጉ ማግስት፣ እሁድ ዘጠኝ ሰዓት ሆነ።

ሰኞ ጠዋት ታዲዎስ መዝገብ ቤቱ በር ላይ ቆሞ፣ ሰዉ ሁሉ እስኪሰበሰብ ጠበቀ።

"ካሳይ፣ ልጄ በዚህ ጥር ሦስቴ አገባ ማለት ነው። ሁለቱን ከመረባችሁ፣ ሦስተኛዋን ከቤትህ። በቃ፣ ሦስት ለዜሮ በለው።"

ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። ካሳይም ለወጉ ሳቀ፤ ውስጡ ግን ቆሰለ። አርያምን ጎል አድርገው ቆጠሩበት። ልጄ ጎል አይደለችም ሊል ፈልጎ ተወው።

"መልስ አለ" አለ። "ገና መልስ አለ፣ ታዲዎስ።"

ይህን ብሎ ሳይጨርስ ስልኩ ጮኸ። ባለቤቱ ፀሐይቱ ናት፣ ከማተሚያ ቤት።

"መልሱ ስንት ሰዓት ነው ልበላቸው?"

ምን መልስ እንደሆነ አልጠየቃትም። በዚያች ደቂቃ በዓለም ላይ ያለው መልስ አንድ ብቻ ነበር። "እሁድ ዘጠኝ ሰዓት!" ብሎ ዘጋው። የሙሽራዋ መልስ፣ ሙሽሮቹ ተመልሰው እሱ ቤት የሚጋበዙበት ድግስ፣ እሁድ ዘጠኝ ሰዓት ተብሎ በሦስት መቶ የጥሪ ካርድ ላይ ታተመ።

ታዲዎስ ካርዱን ሲያነብ ፊቱ ተለዋወጠ። "አጥቂያችንን በካርድ አስወጣኸው" አለ። "ኳሱ ሲያቅትህ በሰርግ መጣህ?" ቂርቆስ ደግሞ ባሰ፤ በየደረሰበት ትከሻውን እየመቱ "አንተ ተንኮለኛ" እያሉ አመሰገኑት። ካሳይን ያቃጠለው ምስጋናው ነበር። ሃያ ሁለት ዓመት ተከራክሯል፤ አንድም ቀን አጭበርብሮ አያውቅም።

"መልሱ አስራ ሁለት ሰዓት ነው" አለ ማታ ቤቱ ገብቶ።

"ካርዱስ?" አለች ፀሐይቱ።

"በየቤቱ እየዞርኩ እነግራለሁ። ፋኑኤል ይጫወታል። ከነፋኑኤል ነው የምናሸንፋቸው።"

ፀሐይቱ ለሁለት ቀን አላናገረችውም። እሱም በሁለቱ ቀን ከቂርቆስ እስከ ለገሃር፣ ከለገሃር እስከ ወሎ ሰፈር በየተጠሪው በር እየቆመ ሰዓቱን አስተካከለ። የሰፈሩ ሰው ቂል አለው። ይበሉ አለ።

እሁድ ሙሽራው በሌሊት ጭፈራ የዛለ እግሩን ይዞ ሜዳ ገባ። ካሳይ በቂርቆስ በኩል ቆመ። ከሜዳው ማዶ፣ ከካዛንቺስ ደጋፊዎች መሃል፣ አርያም የመልስ ቀሚሷን ለብሳ ከአማቷ ከታዲዎስ ጎን ተቀምጣ አያት። ቦታዋ ነው፤ ባሏ እዚያ ነው። ያም ሆኖ፣ በቃ፣ ወሰዷት አለ በሆዱ።

ሊያልቅ አምስት ደቂቃ ሲቀረው ቂርቆስ አገባች። ሜዳው በጩኸት ተናወጠ። ካሳይ ግን አልጮኸም፤ ዓይኑ ማዶ ነበር። ያ ሁሉ የካዛንቺስ ሰው አንገቱን ደፍቶ ተቀምጦ፣ አንዲት ሴት ብቻ ቀሚሷን ሰብስባ ብድግ ብላ ትዘላለች።

ጨዋታው በዚያው አለቀ። ማታ ድንኳኑ ውስጥ ታዲዎስ ብርጭቆውን አንስቶ፣ "እንግዲህ በድምሩ ሁለት ለአንድ፣ አለፍን" አለ።

"ሁለቱን እቀበላለሁ" አለ ካሳይ፣ ልጁ ወደተቀመጠችበት እያየ። "ሦስተኛው ግን ተሽሯል።"