ለንደን ያረመው ጅብ

ልጅ ሳለሁ፣ በስደት አገር፣ ሂልቶፕ በሚባል ሰፈር በተከራየናት ጠባብ ቤት፣ ተረት የሚነገረን በኤሌክትሪክ ማሞቂያ ዳር ነበር። ሲግል የተቃጠለ አቧራ ይሸታል፣ ሽቦው እንደ ፍም ይቀላል፣ እናቴም ለቁጠባ ብላ ትልቁን መብራት ታጠፋለች። ያኔ የእናቴ አጎት ጋሼ ዓለሙ ጋቢያቸውን ተከናንበው ይጀምራሉ።

ከሁሉም የምንወደው የዳኛውን ጅብ ተረት ነበር። ሁለት ወንድማማች ፍየሎች አባታቸው ባወረሳቸው ሣር ተጣሉና ጅብ ዘንድ ተካሰሱ። ጅቡ በቀጠሮ ሲያመላልሳቸው ከርሞ፣ አንዱን ስለ ክሱ፣ ሌላውን ስለ መልሱ ብሎ ሁለቱንም በላ። «አጥንቱን እየቆረጠመ ‹መዝገቡ ተዘግቷል!› አለ» ሲሉ፣ ታናሽ እህቴ ሕይወትና እኔ በሳቅ እንፈርሳለን። እናቴ አትስቅም። ጋሼ አዲስ አበባ ሳሉ ከወንድማቸው ጋር በአባታቸው ቤት ተካሰው፣ ቤቱን ዳኛው በዘመዱ ስም አስቀርቶት፣ ሁለቱም ሜዳ ላይ ቀርተዋል። ይህን እኛ ልጆቹም እናውቅ ነበር።

ጋሼ አንድ የማይድን በሽታ ነበረባቸው፤ የእንግሊዝ ሬዲዮ። ዘፈን የማይሰማበት፣ ሲነጋም ሲመሽም ወሬ ብቻ የሚለቅ ጣቢያ ነው። ከእኛ ውቅያኖስ ማዶ ስለሆነ በላፕቶፕ ከፍተውት ይውላሉ። «እንግሊዝኛ ማለት ይሄ ነው። የእናንተማ የአውቶቡስ ቋንቋ ነው» ይሉናል፤ በአውቶቡስ የሚሄዱት ግን እሳቸው ነበሩ።

አንድ ቀን በረዶ ትምህርት ቤት አዘጋ። እናቴ «ከሥራ ኮል አድርገውኛል፣ ሺፍት ከቨር ላደርግ ነው፤ ልጆቹን አደራ ጋሼ» ብላ በባልደረባዋ መኪና ሂሊያርድ ወዳለው የአረጋውያን መጦሪያ ሄደች። እኛም ቀኑን ሙሉ ለለንደን ተሰጠን።

መጀመሪያ የአንዲት ሴት ጽጌረዳ ቅጠሉ ነጠብጣብ አወጣና ሊቃውንት ተሰብስበው መከሩበት፤ ለቅሶ ቤት የተቀመጡ ይመስሉ ነበር። ቀጥሎ ሰዎች በገዛ ቀልዳቸው ራሳቸው ሳቁ። ከዚያ የማንኪያ ታሪክ መጣ፤ አዎ፣ የማንኪያ! አንዲት ገጣሚ ከግጥሟ ይልቅ ትንፋሿን አስረዘመች። የእኛ መኪና ደጅ በበረዶ ተቀብራ ሳለ፣ አንድ ሰው የማንሻገረውን ባሕር ነፋስ በየአቅጣጫው ዘረዘረልን። ጋሼ ቅዳሴ የሚያስቀድሱ ይመስል ትንፋሻቸውን ውጠው አዳመጡ።

ከሰዓት በኋላ «የምሥራቅ አፍሪካ ተረት» ተባለ። ዋሽንት ተነፋ፣ ከበሮ ተመታ፣ ድምፁ በቅቤ የታሸ ተራኪ ጀመረ። ሁለት ፍየሎች፣ አንድ ዳኛ ጅብ።

ጋሼ ከወንበራቸው ተነሡ። «የኛ ተረት! የኛ ተረት ለንደን ገባ!»

የለንደኑ ጅብ ግን ሊበላ ሲል የፍየሎቹን እንባ አይቶ አፈረ፤ ሥጋ ትቶ ከእነሱ ጋር ሣር ጋጠ። አንድ ምሁር ተከትሎ ይህ የሕዝቡ ጥንታዊ የዕርቅ ጥበብ ነው ብሎ አብራራ። ጅብ የማያውቁት አገር ሄዶ ቁርበት አንጥፉልኝ ይላል ይባላል፤ እነዚህ ዋሽንትም ጨመሩለት።

ሲመሽ ማሞቂያው ዳር ተቀመጥን። ሕይወት የጅቡን ተረት ለመነች። ጋሼ ጀመሩ፤ እኛ አጥንቱ እስኪቆረጠም ስንጠብቅ፣ ጅቡ ማልቀስ ጀመረ።

«ኖ!» አለች ሕይወት። «ጋሼ፣ ሂ ኢትስ ዜም! ይበላቸዋል እኮ!»

«ለንደን እንደዚህ ነው ያለው። እነሱ አጥንተውት ነው» አሉ ጋሼ፣ ቆፍጠን ብለው።

ናቅኋቸው። በዚያች ዕድሜዬ ትልቅ ሰው መናቅ ምን እንደሆነ አላውቅም ነበር፤ ያኔ አወቅሁ። የተበላው ሰው ራሱ፣ ድምፁ ያማረ ባዕድ ስለነገረው፣ የበላውን ጅብ ሣር ያስግጣል!

እናቴ መቼ እንደገባች አላየናትም። በረዶው ከጫማዋ እየቀለጠ፣ በሩ ላይ ቆማ ስትሰማ ኖሯል።

«እሰይ፣ ደግ ዳኛ ነዋ» አለች። «ታዲያ ጋሼ፣ ቤቱን መለሰላችሁ?»

ጋሼ ጋቢያቸውን እስከ አፍንጫቸው ሳቡት። ላፕቶፑ ከወጥ ቤት በኩል ስለ አንድ ነገር በትሕትና ይከራከር ነበር። ሕይወት ጉልበታቸው ላይ እጇን ጣል አደረገችና፣ «ሶ... በላቸው አይደል?» አለቻቸው በቀስታ።

ጋሼ ወደ ቀዩ ሽቦ ዞሩ።

«በላን» አሉ።

ከዚያ ወዲያ ያንን ተረት አልነገሩንም፤ ለእሳቸው የነበረኝ ንቀት ግን ያኔውኑ ከላዬ ወረደ። ለጣቢያው የነበረው አልወረደም። ዛሬ ትልቅ ሰው ሆኜም አንዳንዴ መኪና ውስጥ እከፍተዋለሁ፤ ጽጌረዳዋ አሁንም አልዳነችም። አፐር አርሊንግተን ባለው ቢሮዬም ሰው በለሰለሰ ድምፅ ስለ ዕርቅ ሲያወራኝ፣ መጀመሪያ የማየው ጥርሱን ነው። ለልጄ ተረቱን ከነአጥንቱ እነግራታለሁ። ታለቅሳለች። ታልቅስ፤ ጅብ ሣር ይግጣል ብላ ከምታድግ ይሻላል።