የማይመሳሰሉት የአፊፋ መንታዎች

እህቴ አፊፋ ሊሙ ገነት የቡና መጋዘን ውስጥ ቡና ስትለቅም ነው የኖረችው። ከፍሬው መካከል የተሰበረውንና የጠቆረውን እየለየች ታወጣለች። እጇ ፈጣን፣ አፏ ቁጥብ ነው። እኔ ሰሊማ ታናሿ ብሆንም የሁለታችንንም ድርሻ እናገራለሁ።

አሥራ ሁለት ዓመት የሞላቸው መንታ ሴቶች ልጆች አሏት። ሩፈይዳ እንደ አባቷ ጠይምና ረጅም ናት፤ ኢሕሳን ግን ቀይና ደቃቃ ናት። ጅማ ሆስፒታል ሲወለዱ ኢሕሳን ክብደቷ አንሶ ጥቂት ቀን ሙቀት ክፍል ቆይታለች። እናቷ ያቀፈቻት ከዚያ ከወጣች በኋላ ነው። ለሰፈራችን ሰው ይህ በቂ ነበር። መንታ ማለት እነሱ ዘንድ አንድ መልክ ነው፤ ካልተመሳሰሉ አንዷ ተቀይራለች። ለጥየቃ የመጣ ሁሉ ሁለቱን ጎን ለጎን አቁሞ ያያል፣ ከንፈሩን መጥጦ ይሄዳል። ስንቱን አኩርፌ ከደጅ እንደሸኘሁ እኔ ነኝ የማውቀው።

አፊፋ ከማንም ጋር አልተከራከረችም። በየዒዱ አንድ ዓይነት ቀሚስ ታሰፋላቸዋለች፣ ፀጉራቸውንም አንድ ዓይነት ትሠራቸዋለች። መልክ ያልሰጠውን ልብስ እንዲሰጥላት ነበር ልፋቷ። ምስኪን እህቴ! ቀሚሱ አንድ ሲሆን ልዩነታቸው ይበልጥ ፈጥጦ ይወጣ ነበር።

ዘንድሮ ኢሕሳን ቀሚሱን አልለብስም አለች። አባቷ ሀቢቡላህ ቢለምናት፣ እኔም ብቆጣት አልሰማችም። በመጨረሻ ትምህርት ቤት የሚሏትን አወጣችው፤ መንታ አይደለሽም፣ ሆስፒታል ነው በስህተት ለወላጆችሽ የሰጠሽ ይሏታል። የአፊፋ ፊት አመድ መሰለ። በዓሉ እንዳለፈ ሁለቱን ልጆች ይዛ፣ እኔንም አስከትላ ጅማ ሄደች።

አንድ ክሊኒክ ውስጥ ናርዲ የምትባል አዋላጅ ነርስ ነገራችንን እስከ መጨረሻው አዳመጠች። አልሳቀችብንም፤ ለዚህ እስከ ዛሬ አመሰግናታለሁ። አንድ መልክ ያላቸው መንታዎች፣ አለች፣ ከአንድ እንቁላልና ከአንድ የወንድ ዘር የተፀነሰው ፅንስ ገና በጅምሩ ለሁለት ሲከፈል የሚገኙ ናቸው። ሌሎቹ ደግሞ በአንድ ወር ሁለት እንቁላል ወጥቶ እያንዳንዱ ከየራሱ ዘር ጋር ሲገናኝ ይፀነሳሉ። እነዚህ አብረው ይወለዱ እንጂ መመሳሰላቸው እንደ ማንኛውም እህትማማች ነው።

«እሸት ቡና ሲፈለፍሉ ውስጡ ሁለት ፍሬ አለ አይደል?» አለቻት ወደ አፊፋ ዞራ። «ፍሬዎቹም እንደ ልጆችሽ ለየብቻ የተፀነሱ ናቸው። ያደጉት ግን በአንድ ቅርፊት ውስጥ ነው።»

ቀጥላ በእናታችን ወገን መንታ የወለደ እንዳለ ጠየቀች፤ ይህኛው ዓይነት መንታ በእናት ዘር ሊወርድ ይችላል አለች። ሸቤ ከተማ ያለችው አክስታችን ወንድና ሴት መንታ አሏት። ወንዱ ሴቷን አልመሰለም ብሎ የተጠራጠረ አንድም ሰው እንዳልነበረ ያን ጊዜ ታወሰኝ። ሳቄም ንዴቴም አንድ ላይ መጣ።

አፊፋ ግን አልሳቀችም። «ማሎ ሲስተር፣ እባክሽ፣ እርግጠኛ መሆን ይቻላል?» አለች።

ናርዲ አልሸነገለቻትም። አለመመሳሰላቸው ብቻውን መቀየርን እንደማያሳይ፣ ቁርጡን ማወቅ የሚፈልግ ግን አዲስ አበባ የዲኤንኤ ምርመራ ማድረግ እንደሚችል ነገረቻት።

«ይቅርብኝ» አለች አፊፋ።

እስከዚያ አንገቷን ደፍታ የነበረችው ኢሕሳን ቀና አለች። «እማ፣ ገበያ ስንወጣ የሰዉን ሁሉ ፊት የምታዪው እውነተኛዋን ልጅሽን እየፈለግሽ አልነበረም?»

እህቴ ወደ ልጇ ዞረች። «አንቺን የምትመስል ሴት መጥታ እንዳትወስድብኝ ነበር የማየው» አለች። «ዋላሂ፣ ባያት ይዤሽ ልጠፋ ነበር።»

ኢሕሳን ተነስታ እናቷ ጭን ላይ ተቀመጠች፤ በዚያ ዕድሜዋ፣ ሰው ፊት።