ኑዛዜ በፖሊስ ፊት

አባቴን ላሊበላ ሆስፒታል ሳስታምም ከጎኑ ያለው አልጋ ላይ የተኛው ሰው እስረኛ ነበር። ቀኝ እግሩ ከአልጋው ብረት ጋር በካቴና ታስሯል። ጉበቱ አልቆ ሆዱ ውሃ ቋጥሯል፤ በጎኑ ለመዞር እንኳ አቅም የለውም። በሰው ነፍስ ተጠርጥሮ ፍርድ ቤት ሲመላለስ የቆየ የብልባላ ገበሬ ነው። ለዳኛው «አልገደልኩም» ብሏል። አየሁ ያለ ምስክርም አልተገኘም።

ጠባቂው ፖሊስ የፍላቂት ከተማ ልጅ ነው፤ ጢሙ ገና አልጠናም። ክፉ አልነበረም። ከገብስ ቆሎው ያቀምሰዋል፤ እጁ ሲንቀጠቀጥበት ውሃ የሚያጠጣውም እሱ ነው። ነርሷ የእስረኛው ቁርጭምጭሚት አብጦ ብረቱ ሥጋው ውስጥ መስጠሙን ስታይ ፖሊሱ ላይ ጮኸችበት።

«ፍታለት እንጂ! ይሄ የት ይሮጣል?»

«ሲስተር፣ ቁልፉ አለቃዬ ዘንድ ነው።»

«ታዲያ አለቃህን ጥራዋ!»

«ደውዬለታለሁ። ይቆይ አለ።»

ከብረቱ ሥር ፋሻ ጠቀጠቀችለት። ሌላ ምን ታድርግ?

ሐኪሙ ተስፋ መቁረጡን ሰውየው ከእኛ ቀድሞ አወቀ። «የንስሐ አባቴን ጥሩልኝ» አለ። በላስታ ሰው ከሞቱ ይልቅ ሳይናዘዝ መሞቱን ይፈራል። ቄሱ ከብልባላ በእግራቸው መጡ፤ ነጠላቸው አቧራ ለብሷል።

ኑዛዜን ከካህኑ በቀር ሌላ ጆሮ አይሰማውም። ማንም ሳያዝዘን ክፍሉን ለቀን መውጣት ጀመርን። መራመድ የሚችል በሽተኛ ጉሉኮሱን አስታማሚው ይዞለት ወጣ። አባቴ መነሳት ስለማይችል ጋቢውን ተከናንቦ ወደ ግድግዳው ዞረ። ፖሊሱ ብቻ ወንበሩን ወደ ኋላ ሳብ አድርጎ ቁጭ አለ።

«ልጄ፣ ደጅ ላይ ሁን» አሉት ቄሱ።

«አባ፣ ይቅር ይበሉኝ። ከማንም ጋር ብቻውን እንዳትተወው ተብያለሁ። ብወጣ የምታሰረው እኔ ነኝ።»

«እሺ፣ ጆሮህንስ ምን እናድርገው?»

ነርሷ ሳቋን አፍና ጥጥ ጠቅልላ አመጣችለት። ኮፍያውን አውልቆ ሁለቱንም ጆሮዎቹን ደፈነ። እኔ በሩ ጋ ደርሼ ነበር። በሽተኛው ልጁን ትክ ብሎ አየውና፣

«አንተ ልጅ፣ የጫማህ ክር ተፈቷል» አለው።

ፖሊሱ ጎንበስ ብሎ ጫማውን አየ።

አባቴ ጋቢው ውስጥ ሳቀ። በሽተኛውም ሳቀ፤ ሳቁ ሳል ሆኖ ሊገድለው ደረሰ። ፖሊሱ ጥጡን ከጆሮው አውጥቶ በመዳፉ ጨብጦ አንገቱን ደፋ።

«በሹክሹክታ ንገረኝ» አሉ ቄሱ ወደ አፉ ጠጋ ብለው።

ሕመሙ ግን ሹክሹክታ አልተወለትም፤ አንዲት ቃል ለማውጣት ማቃሰት ነበረበት።

«ፖሊስ ከሰማ ዳኛ ይሰማል፣ አባ። ዳኛ ከሰማ ደመኛ ይሰማል። ወንዶች ልጆች አሉኝ።»

ከዚያ ከንፈሩን ገጠመ። ቄሱ ብዙ ለመኑት። ፖሊሱ እዚያው እንደተቀመጠ ለአለቃው ደወለ፤ ለቄሱ ሲል ድምፁ ሲለማመጥ ሰማሁት። ስልኩን ከዘጋ በኋላ «ነገ መጥቼ አያለሁ አሉ» አለን።

ቄሱ አገራቸው ሳይመለሱ ላሊበላ አደሩ። ጠዋት ሲመጡ ሰውየው ዓይኑ ብቻ ነበር የሚናገረው። መስቀላቸውን ግንባሩ ላይ ሲያሳርፉት ከንፈሩ ተንቀሳቀሰ፤ ዓይኑ ግን ወደ ፖሊሱ ዞረና ከንፈሩ ቆመ። እንደዚያው እንዳለ ሞተ።

አለቃው ከቀትር በኋላ በባጃጅ መጣ። ቁልፉን ከኪሱ አውጥቶ ካቴናውን ከሬሳው እግር ፈታ። ያበጠው እግር ብረቱ ቢወልቅም የብረቱን ቅርጽ ይዞ ቀረ። አለቃው ፖሊሱን «ካህኑ ጸሎታቸውን ያድርሱ፤ ውጣላቸው» አለው።

ልጁ ከወንበሩ ተነሳ። «አባ፣ ልውጣልዎ?»

«አሁንማ ተቀመጥ» አሉት።