ኬላው ላይ የቀረው ቀንድ

ትናንት ጅጅጋ አንድ መሥሪያ ቤት ገብቼ፣ የተወረሱ ቀንዶች ጥግ ላይ ተከምረው አየሁ። እያንዳንዳቸው ላይ ወረቀት ታስሯል። ከመካከላቸው የተጠማዘዘ የአጋዘን ቀንድ ሳይ አያቴ ትዝ አለኝ።

ያኔ የአሥራ ሁለት ዓመት ልጅ ነበርኩ። ከአያቴ ጋር ከደገሀቡር በአውቶቡስ ወደ ጅጅጋ ስንመጣ ኬላ ላይ ለፍተሻ አስወረዱን። አንድ ወታደር የአያቴን የጨርቅ ጥቅል ሲፈታ ቀንዱ ወጣ። አጋዘን አይተው ለማያውቁት የአጎቴ ልጆች ሊያሳያቸው ነበር የያዘው። አያቴ አማርኛ ስለማይችል አስተርጓሚው እኔ ሆንኩ።

«አልገደልኩትም» አለ አያቴ። «በድርቁ ጊዜ ከግመሎቼ ገንዳ ሊጠጣ መጥቶ እዚያው ሞተ።»

«አባባ፣ ሞቶ የተገኘም ቢሆን መያዝ ክልክል ነው» አለ ወታደሩ። ድምፁ ክፋት አልነበረውም።

አያቴ ቀንዱን በመዳፉ እየዳበሰ፣ «ውሃ ያጠጣሁት እኔ ነኝ። የጠማው ጊዜ ሕጉ የት ነበር? ብለሽ ጠይቂልኝ» አለኝ።

«ምን ይላሉ?» አለኝ ወታደሩ። ያስሩታል ብዬ ፈራሁ።

«ይቅርታ ነው የሚለው» አልኩ።

ወታደሩ ቀንዱን አስቀርቶ ለቀቀን። አያቴ እስከ ጅጅጋ ድረስ በመስኮት ውጭ ውጭውን ያይ ነበር። መናኸሪያ ስንወርድ ግን፣ «እኔ ይቅርታ ብያለሁ?» ሲል ጠየቀኝ። ከአማርኛ ያቺን አንዷን ቃል ያውቃት ነበር።

ትናንት ቀንዱን ልዳብሰው እጄን ስዘረጋ ጸሐፊዋ፣ «አይነካም!» አለችኝ።

እጄን ሰበሰብኩና «ይቅርታ» አልኳት።